ከቡሌ አዳራሽ በረንዳ የጠፉት ቀይ ጣውላዎች

ጣውላዎቹ የሉም።

ዘበኛው በቀለ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። የሉም። ከውሃ በርሜሉ ኋላ አየ። የሉም። ቀና ብሎም ወደ ላይ አየ። ቡሌ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን የሚፈልግበት ቀን ስላለ፣ ምናልባት ጉሙ አንስቷቸው ይሆናል ብሎ ነው።

ከዚያ ጮኸ።

የቡሌ ገበሬ ማኅበር አዳራሽ በር ተከፈተ። ስብሰባው ገና መበተኑ ነበር። ከበቀለ ቀጥሎ የወጣው የዲላ ሠራተኞች የስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ ነው።

"ስኪዎቹስ?"

"እዚህ ነበሩ ጓድ።"

"ነበሩን አልጠየቅኩህም። የት አሉ?"

"ነበሩ..."

ጉግሳ ባዶውን ግድግዳ አየ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ልብ አላለውም እንጂ፣ አንድ አፍታ ደስ ያለው መሰለ። ወዲያው ግን ተቆጣ።

"አሻጥር ነው! የወንድም ሕዝብ ስጦታ ነው የተሰረቀው! እሰሩት!"

በቀለን አስረው እህል ማስቀመጫው ጎጆ ውስጥ ዘጉበት። እሁድ የአውራጃው አስተዳዳሪ ሲመጡ ይረከቡታል ተባለ። ዕለቱ አርብ ነው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ ወደ ዲላ የወረደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በቀለ ደግሞ ቤቱ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው የሚጠብቁት ልጆች አሉት።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። በ1974 ጥር ከዲላ ጥቂት ሠራተኞች ተመርጠው ቡልጋሪያ ተላኩ። ሥራ አይደለም፤ ዕረፍት ነው። እዚያ አገር ሠራተኛ በቡድን እየሆነ ተራራ ይወጣል፤ በረዶ ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ እግሩ ላይ አስሮ ይንሸራተታል፤ ማታ ሾርባውን ጠጥቶ ይተኛል። ዲላ ይህን ስትሰማ ሳምንት ሙሉ ሳቀች። ጉግሳ ሲመለስ ግን ሳቁ ቆመ፤ ምክንያቱም ጉግሳ ማውራት ጀመረ።

እንደ እሱ ወሬ ከሆነ ከተራራው ጫፍ ሲወርድ ከፍጥነቱ የተነሳ ጥላው ሊከተለው አልቻለም። እሱ ራት በልቶ ሲጨርስ ነው ጥላው እያለከለከ ሆቴል የደረሰው። ሌላ ቀን ደግሞ ፍሬን እምቢ ብሎት የጎረቤት አገር ድንበር ጥሶ ገባ። ወታደሮቹ ፓስፖርት ቢጠይቁት አፍሮ ሽቅብ ተንሸራትቶ ተመለሰ።

ባለተራራዎቹ በስንብቱ ዕለት አንድ ጥንድ ቀይ ስኪ ሸልመውት ነበር። ጉግሳም አሰበና፣ "ቡልጋሪያ ተራራ ካላት እኛስ ቡሌ የለንም?" አለ። እውነቱን ነው። ቡሌ ይበርዳል፤ ሐምሌ ላይ የሚጥለው በረዶ የቤት ክዳን ይበሳል፤ ሣሩ ረጥቦ ሲውል ፍየል እንኳ ተቀምጣ ነው የምትወርደው። እናም የዲላ ሠራተኞች የመጀመሪያው የተራራ ዕረፍት በሐምሌ ቡሌ ላይ ሆነ። የነጋዴው የከማሉዲን የጭነት መኪና ከታች፣ ድልድዩ ጋ፣ ጭቃው እስካስቆመው ድረስ አመጣቸው። ቀሪውን በእግር ወጡ። እሁድ ጓድ ጉግሳ ከጉብታው ጫፍ እየተንሸራተተ ሊወርድ፣ አስተዳዳሪውም ሊያዩ ነው።

ከዕረፍተኞቹ አንዱ ሃምሳ አለቃ ወልደዮሐንስ ነበር። የዲላ ፖሊስ ነው። በፖሊስነት ዘመኑ ዕረፍት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ ለሁሉ ነገር ያመሰግን ነበር። ብርድ ልብስ ሲሰጡት "ተመስገን"፤ ቆጮ በጎመን ሲቀርብለት "ተመስገን"፤ ዝናብ ሲያባራ "ተመስገን"።

"ጓድ፣ ተመስገን ምንድነው? አብዮቱ ይመስገን በል እንጂ" ሲለው ጉግሳ፣

"እሱም ይመስገን፤ ቆጮው ግን ከጓሮ ነው የመጣው" አለ።

አሁን ዕረፍቱ አለቀ። ጉግሳ ትከሻውን ያዘው።

"ሃምሳ አለቃ፣ እስከ እሁድ ሌባውን አረጋግጥልኝ። በቀለ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፤ ግን ወረቀት ላይ ይምጣ።"

ወልደዮሐንስ መጀመሪያ እህል ጎጆው ገባ።

"በቀለ፣ ጣውላው የት ገባ?"

"ሃምሳ አለቃ፣ እኔ በረዶ የማውቀው ጎመኔን ሲመታብኝ ነው። ጣውላውን ምን ላድርገው? እግሬ ላይ ባስረው ጫማ እንኳ የለኝ።"

"በረንዳውን ለምን ለቀቅክ?"

"ተጠርቼ።"

"ማን ጠራህ?"

"ጓድ ጉግሳ። ድምፅ ሊሰጥ ነው፤ እጅ ጎደለ፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ይግባ አሉ። ገባሁ። እጄን አወጣሁ።"

"በምን ጉዳይ?"

በቀለ አሰበ። "እሱን አልነገሩንም።"

ወልደዮሐንስ ወጣና በሩ ላይ የነበረውን ሚሊሺያ አስጠራ። እንግዳ ይባላል፤ የቡሌ ልጅ ነው።

"ስብሰባው ላይ በሩን የያዝከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ሰው እንዳይወጣ።"

"ወደ በረንዳው የመጣ አለ?"

"ማንም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ዝንብም አላለፈ!"

ታዲያ ጣውላዎቹ በእግራቸው አልሄዱ። ሰው ሁሉ ግን መልሱን ይዞ ነበር፤ ከማሉዲን! የጉራጌው ነጋዴ ሸቀጥ አመጣለሁ ብሎ መኪናው ጋ የወረደው አርብ ከሰዓት ነው። መኪናዋም ስትነሳ ከታች ተሰምታለች። "ይርጋጨፌ ወስዶ ይሸጠዋል" አለ አንዱ። "ይርጋጨፌ ማን ይገዛዋል? በቡና ፍሬ ላይ ሊንሸራተት?" አለ ሌላው።

በማግስቱ ጠዋት ሀዲጃ ወደ ወልደዮሐንስ መጣች። ሀዲጃ የቡና መጋዘን መዛኝ ናት፤ ጥር ላይ ቡልጋሪያ ከሄዱት ብቸኛዋ ሴት። ሴት መኖር አለባት ስለተባለ ነበር የላኳት።

"ጋሼ፣ ከማሉዲንን ተዉት። በጣውላዎቹ የተጨነቀው ሌላ ሰው ነው።"

"ማን?"

"ጓድ ጉግሳ።"

"እሱማ ስኪውን እንደ ንፋስ ይነዳዋል ይባላል።"

"የሚባለው በማን አፍ ነው?" ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። "የመጀመሪያው ቀን ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ጣውላ ሳያደርግ፣ በጫማው! ከዚያ ወዲያ እስክንመለስ ከምድጃው አልተነቃነቀም። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ በመስኮት ያየን ነበር። የተንሸራተትኩት እኔ ነኝ። ጓዶች ናቸው ዝም በይ ያሉኝ።"

ወልደዮሐንስ አርብ ዕለት ያየው የደስታ ብልጭታ ትዝ አለው። ነገ ሕዝብ ፊት የሚጋለጥ ሰው አስቀድሞ ጣውላው ቢጠፋለት አይጠላም። ሄዶ የጉግሳን ሻንጣ ፈተሸ።

ሻንጣው ውስጥ አንድ ጥቅል ፋሻ አለ። አዲስ ነው። ከፋሻው ጋር ቅባት፤ ከቅባቱ ጋር ምርኩዝ የሚሆን የተላጠ ቀርከሃ።

ወልደዮሐንስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ሳቀ። ጉግሳ እሁድ ጠዋት እግሬን ወለም አለኝ ሊል ነበር። ምርኩዝ ያዘጋጀ ሰው ደግሞ ጣውላ አይሰርቅም፤ አንዱ ውሸት ከበቃው ሁለተኛውን ለምን ይደክምበታል? ፋሻውን ኪሱ ከተተ። ጉግሳ ሌባ አይደለም፤ ፈሪ ነው። በፍርሃቱ ግን የታሰረው በቀለ ነው።

"ተመስገን፣ አንዱ ተቀነሰ" አለና ወደ ጭቃው ወጣ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አገኘው። ረጥቦ የተኛ ሣር ላይ ሁለት መስመር፤ ጎን ለጎን፤ ቀጥ ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። ጥልቅ ናቸው። ጣውላ ብቻውን እንዲህ አይቆፍርም፤ ከላዩ የተኛ ክብደት አለ። በግራና በቀኝ የባዶ እግሮች ዱካ፤ ከኋላም ገመድ ይዘው ወደ ኋላ የተወጠሩ ተረከዞች። አንድ ቋጥኝ ሥር ጣት የሚያህል ቀይ ስባሪ ወድቋል፤ የስኪው አፍንጫ። አጠገቡ ገና ያልደረቀ የእንሰት ቃጫ ገመድ።

መስመሮቹ ድልድዩ ጋ፣ የከማሉዲን መኪና ቆማበት ከነበረው ቦታ፣ አለቁ።

"ይኸው! ከማሉዲን!" አለ ከኋላው የተከተለው እንግዳ።

"ቆይ።"

ባዶ እግሮቹ መኪና አልተሳፈሩም። ዞረዋል። በሌላው መንገድ፣ በቀርከሃው መሃል ሽቅብ ተመልሰዋል። በየትንፋሽ መሳቢያው ጭቃው ላይ ሁለት ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ አለ፤ ረጅም ነገር ተሸክሞ የደከመው ሰው ጫፉን መሬት አስደግፎ ሲያርፍ የሚተወው ዓይነት።

"እንግዳ፣ ጣውላዎቹ ቡሌ ናቸው።"

"ቡሌ?"

"ወርደው ተመልሰዋል። እያንዳንዱን ቤት እንይ።"

ያን ቀን ከሰዓት ያልተፈተሸ ቤት አልነበረም። ከአልጋ ሥር፣ ከከብቱ ጉረኖ፣ ከቆጥ ላይ። ቤቱ የታየበት ሰው ሁሉ አይቆጣም፤ "አረፍ በሉ እንጂ" ይላል፤ እርጎ ያወጣል። ወልደዮሐንስ ያመሰግናል፤ ይጠጣል፤ ይቀጥላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ሆነ። ጣውላ ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ ቆየና ገረመው። በአንዳንዱ ጓሮ በእንሰቱ መሃል ሲያልፉ እንግዳ ድንገት ሳል ያበዛል። ከዚያ ዞሮ ሌላ መንገድ ይይዛል። ከእንሰቱ ውስጥ የሴቶች ሳቅና ኽርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። እንደገና ሲደግመው ወልደዮሐንስ ቆመ።

"ለምን ዞርን?"

"ሴቶች እንሰት ይፍቃሉ።"

"ቢፍቁስ?"

እንግዳ አፈረ። "ቅጠሉን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አድርገው በእግራቸው ይዘው ነው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው። ወንድ አይደርስበትም። እንኳን ሊያይ፣ መስማቱን በሳል ነው የሚያስታውቀው።"

"ማንም ወንድ?"

"ባልም ቢሆን።"

"ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አልክ?"

እንግዳ ሳሉን ረሳ።

ወልደዮሐንስ ኮፍያውን አወለቀ። "እንግዳ፣ አሁን እንደገና ልጠይቅህ። አርብ ወደ በረንዳው ማን መጣ?"

"ማንም አልመጣም አልኩ እኮ። ሴት ብቻ ናት የመጣች።"

"ሴት ብቻ!"

"ወርቂቱ። አዋላጇ። አራት ወንድ ስጠኝ አለችኝ። ስብሰባ ላይ ናቸው አልኳት። ሂዳ ተመለሰች። እንደገና ለመነችኝ። ድምፅ ሳይሰጥ ማንም አይወጣም ተብሏል አልኳት።"

"አራት ወንድ ለምን ፈለገች?"

"አልጠየቅኳትም።"

ከእንሰቱ ውስጥ ኽርርር የሚለው ድምፅ ቀጠለ።

ወልደዮሐንስ ሊገባ ይችል ነበር። መሣሪያ አለው፤ የጉግሳ ትእዛዝም አለው። አልገባም። ሀዲጃን አስጠራ።

ሀዲጃ ቅጠሉን ገልጣ ገባች። ወዲያው የሴቶቹ ሳቅ ተቋረጠ። ቆይቶ ድምፅዋ መጣ።

"ጋሼ! እዚህ ናቸው። አንዱ አፍንጫው ተሰብሯል። ነጭ በነጭ ሆነዋል፤ እንሰት ነው የሚፋቅባቸው!"

ወልደዮሐንስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ፊቱን ወደ ቀርከሃው አጥር አደረገ። ምርመራውም እንዲሁ፣ ተጠርጣሪዋን ሳያይ ተካሄደ።

"እማማ ወርቂቱ፣ ፖሊስ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ትዞራለህ። እርጎ ሰጡህ?" ድምፁ የአሮጊት ነው። አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን አይለይም።

"ሰጡኝ፤ ተመስገን። ጣውላውን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነው።"

"ለምን?"

"ልጅቱ ምጥ ይዞታል። የመጀመሪያው ነው። ልጁ በእግሩ መጣ። እጄ ብዙ አውጥቷል፤ ይሄን ግን አልቻለም፤ ሐኪም ቤት ይፈልጋል። መኪናው ታች አለ። ቃሬዛ በአራት ወንድ ነው። ወንድ ሁሉ ስብሰባ ገባ። ሁለቴ ሄድኩ፤ ሁለቴ መለሰኝና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ጣውላው ግድግዳ ላይ ቆሞ አየሁ። ለስላሳ ነው። ቀርከሃ አጋደምን፤ በቃጫ አሰርን፤ ልጅቱን አስተኛን፤ በሣሩ ላይ ለቀቅን። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ገመድ ይዘን። ወረደ! እንደ ውሃ ነው የወረደው።"

"ከማሉዲንስ?"

"አላህ ይርዳት ብሎ መኪናውን አስነሳ። እቃውን እንኳ አላወረደ።"

"ታዲያ ለምን አልመለስሽም?"

"ልመልስ ይዤ ወጣሁ። በቀለ ታስሯል። ሚሊሺያው በርክቷል። ሰውዬው ፀረ ሕዝብ እያለ ይጮሃል። ጣውላው ደግሞ ተሰብሯል። ሴቶቹ ፈሩ። ወንድ የማይደርስበት እዚህ ነው፤ እዚህ አቆምነው። ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም ፋቅንበት።" አንዷ ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች።

"በቀለ ባልሠራው ሲታሰር ዝም ትያለሽ?"

ድምፁ ዝቅ አለ።

"ወሬ እየጠበቅኩ ነው። ወንዙ ድልድዩ ላይ ሞልቷል፤ መኪናው አልመጣም። ልጅቱ ከተረፈ እጄን ዘርግቼ እመጣለሁ፤ ቢያስሩኝም ደስ ብሎኝ ነው። ከሞተ ግን በምን አፌ አወራለሁ? ቢሆንም ነገ በቀለን ሳይወስዱት እመጣለሁ። ማልኩልህ።"

ወልደዮሐንስ ቀይዋን ስባሪ ከኪሱ አወጣ። ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። አንድ እርጥብ፣ ሻካራ እጅ ተቀበለው።

"ቋጥኙ ሥር ነበረች" አለ። "ነገ እጠብቅሻለሁ።"

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ፊት ሕዝብ ሞላ። በቀለን እጁን እንደታሰረ አወጡት። ጉግሳ ንግግር ጀመረ። ሌባውን በሙሉ ድምፅ እንደሚያወግዙ፣ የራሱም እግር ባይሆን ኖሮ...

"እግሩ ምን ሆነ?" አለ አንዱ።

ጉግሳ ሻንጣው ውስጥ የነበረችው ፋሻ እንደሌለች ያወቀው ያን ጠዋት ነው። ዓይኑ ወልደዮሐንስ ላይ አረፈ።

በዚያ መካከል ከታች ክላክስ ተሰማ። ረጅም፣ የማያቋርጥ፣ እንደ ሠርግ። የከማሉዲን ነው። ወርቂቱ ከእንሰቱ ወጣች። ሁለቱን ቀይ ጣውላ ትከሻዋ ላይ አጋድማለች። ሴቶቹ ተከትለዋታል። በሕዝቡ መሃል አልፋ ጉግሳ እግር ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ሁለት እጇንም ለገመድ ዘረጋች።

"በቀለን ፍቱ። እኔ ነው።"

ታሪኩን ሁሉ ተናገረች። ሕዝቡ ወደ እንግዳ ዞረ፤ እንግዳ ወደ መሬት። ስብሰባው ላይ የነበረው ወንድ ሁሉ ያወጣውን እጁን የት እንደሚደብቀው ጠፋው። አንድ ወጣት ገበሬ ግን ሰውን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። የልጅቱ ባል ነው። ሚስቱ ከእናቷ ቤት ያለች መስሎት ነበር።

ጉግሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "የወንድም ሕዝብ ስጦታ... ተሰብሮ..."

ወልደዮሐንስ ጠጋ አለና ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይሰማ ተናገረ።

"ጓድ፣ ይቺ ሻንጣህ ውስጥ ነበረች። እኔ ወረቀቴ ላይ ጣውላው ሕዝብ ሲያገለግል አፍንጫው ተሰበረ ብዬ ልጽፍ አስቤያለሁ። ካልተስማማህ ሌላም የምጽፈው አለኝ።"

ጉግሳ ፋሻውን አየ። ሀዲጃን አየ። ከዚያ ሄዶ የበቀለን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ። ቋጠሮው ጠንክሮ በጥርሱ ነው የጨረሰው።

"ይቅር በለኝ" አለው። በስብሰባ ላይ ሲናገር ይህን ቃል የሰማው ሰው አልነበረም።

ከማሉዲን ሽቅብ እየሮጠ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ትንፋሹ አልመለስ ብሎት በእጁ ብቻ አወራ። መጀመሪያ አንድ ጣት አነሳ። ከዚያ ሁለት።

"ምንድነው? ተናገር እንጂ!"

"መንታ! ሁለቱም ደህና ናቸው! እናቲቱም ደህና ናት! ሐኪሙ 'ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ...' አላት።"

ወርቂቱ የተዘረጉ እጆቿን ወደ ሰማይ አዞረቻቸው። ባልየው ቁልቁል ሮጠ፤ በሣሩ ላይ ወደቀና ያለ ጣውላ ድልድዩ ድረስ ተንሸራተተ። ቡሌ ያየችው የመጀመሪያው የተራራ ስፖርት እሱ ነው።

"አስተዳዳሪውስ?" አለ ጉግሳ በቀጭን ድምፅ።

"መኪናቸውን ጭቃ ይዟት ከመንገድ ተመለሱ።"

"ተመስገን!" አለ ጉግሳ። አምልጦት ነው። ወልደዮሐንስ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ዕለቱን ግን ባዶ አላሳለፉትም። ሀዲጃ አፍንጫ የሌለውን በግራ፣ ደህነኛውን በቀኝ አሰረች፤ ከጉብታው ጫፍ በረረች። እስከ ዛሬ ያዩት እንደሚምሉት ጥላዋ ወደ ኋላ አልቀረም፤ ቀድሟት ነው የደረሰው።

በሚቀጥለው ጥር ቡልጋሪያ የሚሄደው ቡድን ሲመረጥ ጉግሳ ቦታውን ለበቀለ ለቀቀ። ወርቂቱ ለባለተራራዎቹ መልእክት ሰጠችው። "ስለ ቃሬዛው እግዜር ይስጥልን፤ ልጆቹ ቁጭ ማለት ጀምረዋል በላቸው። ግን ጠባብ ነው። ሰፋ ያለ ካላቸው አይንፈጉን።" በቀለ ሳይቀንስ ሳይጨምር አደረሰ። አስተርጓሚው ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ወደ ዕቃ ቤት ገባ፤ በረዶ ላይ የተሰበረ ሰው የሚያወርዱበትን ሰፊ ቃሬዛ እየጎተተ ወጣ። እነሱም ለካ እንደዚያው ነው የሚያደርጉት።

ያ ቃሬዛ ዛሬ ቡሌ አዳራሽ በረንዳ ላይ ቆሟል። ዘበኛ የለውም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ግን አራት ወንዶች አጠገቡ ይቀመጣሉ። ወደ ውስጥ አይገቡም። እጃቸውን እንዳወጡ ተደርጎ ይቆጠርላቸዋል።